«እስቲ እናለዝበው»

የአቶ ስሜነህን ሞት የነገረችኝ የዋናው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ከፍኖተ ሰላም እኔ ወደምሠራበት ወደ ቡሬ መጋዘን ደውላ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ። ቀጥላ የመጋዘኑ ጣሪያ ተጠግኖ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ስንተዋወቅ ስለ ጣሪያ አንድ ቀን ተጨንቃ አታውቅም። ከዚያ «ጋሽ ስሜነህ እኮ ሰሞኑን ትንሽ አሟቸው ነበር» አለች። ከዚያ «ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ገብተው ነበር» አለች።

«ሞቱ?» አልኋት።

«ኧረ ባንቺአምላክ! ምነው እንዲህ አፍርጠሽ?» ብላ ሙሉ ስሜን ጠርታ ተቆጣችኝ። መሞታቸውን ግን አላስተባበለችም።

አስከሬኑ በማግስቱ ወደ ትውልድ ቀያቸው ወደ ማንኩሳ ይመጣል። እናታቸው እማሆይ ውዴ ግን የልጃቸውን መታመም እንኳ አልሰሙም፤ ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄዷል ተብለዋል። እንዲህ እንዲባሉ ያዘዙት ራሳቸው አቶ ስሜነህ ናቸው። ስለዚህ መርዶው ጎሕ ሲቀድ ይነገራል። የሚነግሩት ሽማግሎች ናቸው፤ እማሆይ ራሳቸውን መሬት ላይ ሲጥሉ የምትይዝ ሴት ደግሞ ታስፈልጋለች፤ እሷም እኔ ነኝ ተባለ። «እንደ ልጃቸው ያዩሽ ነበር እኮ» አለችኝ ጸሐፊዋ። ስልኩን ዘጋሁት። ያዘንሁ እንዳይመስላችሁ። አስጠላኝ።

ከሰዓት በኋላ ፎቶግራፋቸው ከሻማ ምስል ጋር በየስልኩ ይዘዋወር ጀመር። ከሥሩ «የዩኒየናችን የቴክኖሎጂ አባት» ይላል። ስለ ሙት ክፉ አይወራም ይባላል። እኔም ክፉ ብቻ አላወራም፤ ክፉ ብቻ ቢሆኑማ ኖሮ በቀላሉ በረሳኋቸው።

አቶ ስሜነህ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየናችን ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ዩኒየኑ በዙሪያችን ያሉትን የቀበሌ ማኅበራት አሰባስቦ በቆሎና በርበሬ ይገዛል፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያከፋፍላል። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ አይቼ የማላውቃቸው ሰው ነበሩ። በደረት ኪሳቸው በአራት የታጠፈ ነጭ መሐረብ አይጠፋም። ክፉ ነገር ሲነገራቸው መሐረቡን አውጥተው ከንፈራቸውን ቀስ አድርገው ይጠርጋሉ፤ ክፉውን የተናገሩት እሳቸው ይመስላል። ከዚያ «እስቲ እናለዝበው» ይላሉ። ይችን ቃል በስንት ስብሰባ ሰማኋት! ማዳበሪያ ዘገየ፤ እስቲ እናለዝበው። የበርበሬ ነጋዴ ውል አፈረሰ፤ እስቲ እናለዝበው። «ክፉ ወሬ እግር የለውም፤ ተሸካሚ ካላገኘ የትም አይደርስ» የምትል አባባልም ነበረቻቸው። ሰው ሁሉ ያጨበጭብላታል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንደሳቸው ያለ መርዶ ነጋሪ አልነበረም። ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ሰው በሞተ ቁጥር ዘመድ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደሳቸው ነው። የአባቴንም መርዶ ለእኔ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሁለት ሽማግሎች ጋር በጠዋት በሬን አንኳኩ፣ ውሃ ለመኑኝ፣ ጠጡ፣ ስለ አባቴ በሬዎች አነሡ፣ አባቴ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ያደረገውን አስቂኝ ነገር አነሡ፤ እየሳቅሁ ሳለ ድምፃቸው እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ፣ ገና ቃሉን ሳይናገሩት ማልቀስ ጀመርሁ። መሐረባቸውን የሰጡኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ደግነት ነበር እላለሁ። ደግነታቸው ባይኖር ነገሩ ሁሉ እንዲህ ባልከረፋ።

«የቴክኖሎጂ አባት» ያሰኛቸውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሠራሁት፣ ያን ጊዜ የዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያ የነበርሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የዩኒየኑ መረጃ በየቦታው የተበተነ ነበር፤ የመጋዘኑ በካርድ፣ የሽያጩ በሒሳብ ሹሙ ኮምፒውተር፣ የማኅበራቱ ደግሞ በስልክ ወሬ። ቡሬ ምን ያህል ዘር እንዳለ ለማወቅ የማትደውልለት ሰው የለም፤ ሁሉም የየራሱን ይነግርሃል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ድርጅት ሁሉንም ባንድ ገጽ የሚያሳይ ሥርዓት ልሽጥላችሁ ሲል ቦርዱ ዋጋውን ሰምቶ ሳል ያዘው። ያን ጊዜ ነው በነጻ እሠራዋለሁ ያልሁት። መረጃውን የሚያከማቸው ዳታቤዝ፣ መረጃውን የሚያጠራው፣ ግራፉን የሚሥለው፣ ሁሉም ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርድ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው።

«ማን ነው ደክሞ የሠራውን በነጻ የሚሰጥ?» አሉኝ አቶ ስሜነህ።

«ወንፈል ነው፣ ጋሼ። የዓለም ባለሙያ ተራ በተራ እየገባ ያርሰዋል። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው የተበላሸውን ያርማል፤ እኛም እንጠቀማለን።»

ፊታቸው በራ። ሌሎቹ ኃላፊዎች ሲስቁብኝ እሳቸው የዕቃ ግምጃ ቤቱን አስከፍተው የተጣሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ሰጡኝ፤ ከሁለቱ ዕቃ እየነቀልሁ መረጃው ሁሉ የሚጠራቀምበት አንድ ሰርቨር ሠራሁ። የመጋዘን ጠባቂዎቹ ያላቸውን ዘርና እህል በስልካቸው እንዲሞሉ አደረግሁ። አንዱ በኪሎ፣ ሌላው በኩንታል እየሞላ ሲያስቸግረኝ፣ እሳቸው እየደወሉ «ልጄን አታድክሙብኝ» ይሏቸው ነበር። በመጨረሻ በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ እያንዳንዱ መጋዘን በየስሙ፣ በየዘሩ፣ በየእርጥበቱ ታየ። ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ የሚያሠጋ ከሆነ ቢጫ፣ የተበላሸ ከሆነ ቀይ። ያን ቀን ሁሉም አረንጓዴ ነበር። አቶ ስሜነህ ፊቱ ቆመው ብዙ አዩት፣ ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው በሰው ፊት አለበሱኝ። ጋቢው አሁንም ቤቴ አለ። አልለብሰውም፤ ልጥለውም አልሆነልኝም።

ቴሌቪዥኑን «ሰሌዳው» ይሉት ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰሌዳው ፊት ያቆሙታል፣ ስለ ወንፈሉ ያወሩለታል።

በሚያዝያ ያልተጠበቀ ዝናብ ጣለ። የቡሬ መጋዘን ጣሪያ አፈሰሰ፣ ለግንቦት የሚከፋፈለው የበቆሎ ምርጥ ዘር ራሰ። ዘር ከመከፋፈሉ በፊት ጥቂት ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ስንቱ እንደሚበቅል ይታያል፤ ከግማሹ በላይ አልበቀለም። የመጋዘን ጠባቂው ያየውን ሞላ፣ ሥርዓቱም የተሠራለትን አደረገ። በማግስቱ የቦርዱ አባላት አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጡ ቡሬ ቀይ ሆኖ ጠበቃቸው።

አቶ ስሜነህ መሐረባቸውን አወጡ። ከንፈራቸውን ጠረጉ። ወደ እኔ ዞረው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው፦

«ባንቺዬ፣ የአባትሽን ሞት በቴሌቪዥን ነው የነገርሁሽ?»

መሐረቡን እያጠፉ ቀጠሉ።

«መርዶ በጠዋት ነው፤ በሽማግሌ ነው። ሰውን አንጀቱን አስይዘሽ፣ ውሃ አጠጥተሽ ነው። ይኸ ዕቃሽ ግን ባለጌ ነው። ሰው ገና ሳይቀመጥ ይጮኽበታል።»

የቦርዱ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ እንዲያውም እንባ አቀረረ፤ አባቴን ያውቀው ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የተጸየፍኋቸው። የአባቴን ሬሳ አምጥተው በእርጥብ በቆሎ ላይ አጋደሙት እኮ!

«ጋሼ፣ መርዶ የሚለዘበው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው» አልኋቸው። «ይኸ ገና አልሞተም። ዛሬ ብንናገር ዘሩ ይመለሳል፣ ሌላ ይመጣል። ሽማግሌ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚፈልገው።»

«እስቲ እናለዝበው» አሉ።

ማለዘቢያ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እሳቸውና ሁለት ኃላፊዎች ያሉበት። ቀይ ነገር ሲኖር መጀመሪያ እነሱ ያዩታል፣ እንዴት እንደሚነገር ይመክሩበታል፣ እስከዚያ ሰሌዳው ላይ አይወጣም። ሻይ እየጠጡ መከሩ። ቀዩ ቢጫ ይሁን አሉ። ቢጫውም እንግዳ ፊት ደስ አይልም ተባለ። በመጨረሻ ከባሕር ዳር አንድ ቴክኒሻን አስመጥተው አረንጓዴ የሚጀምርበትን ልክ ዝቅ አስደረጉት፤ ከግማሽ በታች የበቀለ ዘር ደህና ተባለ። ቢሯቸው ገብቼ ስጮህ አልተቆጡም።

«ለማንም ክፍት ነው ብለሽኝ የለ? እኔም እጄን አገባሁ» አሉና ፈገግ አሉ። በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ቡሬ፣ መጋዘን። «ደክሞሻል፣ አየር ትቀይሪያለሽ» ብለው ሸኙኝ። ስንብቴን ሳይቀር አለዘቡት።

የሻገተ በቆሎ ሸትቷችሁ ያውቃል? መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፣ ሊበላ የደረሰ ነገር ይመስላል። ከዚያ ጎሮሮ ላይ ይቀመጣል። ጆንያው ውስጥ እጄን ሳስገባ ሞቀኝ፤ ዘሩ የታመመ ሰው ገላ ሆኖ ያተኩሳል። ሳወጣው ግራጫ ጸጉር የበቀለበት ፍሬ በጣቶቼ ላይ ተለጥፎ ወጣ፣ ነቀዝ በክንዴ ላይ ሄደ። ታጥቤ ታጥቤ ምሳዬን መብላት አልቻልሁም። ስልኬን ስከፍት ሰሌዳው ላይ ቡሬ አረንጓዴ ነው። ለቦርዱ ሰብሳቢ ደወልሁ፤ «ጋሽ ስሜነህ ያውቁታል» አለኝ። ሌላው አባል ጋ ደወልሁ፤ «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው እንደ አባትሽ ነበሩ እኮ» አለኝ።

ግንቦት ላይ ማኅበራቱ ዘር ለመጫን መጡ። ከማንኩሳ የመጣው አያ ጌጡ ነበር፤ የእማሆይ ውዴን መሬት ምርቱን እኩል እየተካፈለ የሚያርሰው ሰው ነው። እጁን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድሁት።

«አያ ጌጡ፣ ይህን ዘር አትጫን። አይበቅልም። አሽትተው!»

አሸተተ። ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ተጨነቀ። «እንዴት አርጌ? ጋሽ ስሜነህ ለናታቸው ማሳ ከዚሁ ጫን ብለው አዘውኛል። ክፉ ቢሆን ለናታቸው ይልካሉ?»

እኔም ክው አልሁ። ሌባ ናቸው ብዬ ነበር የማስበው፤ ሌባ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ደወልሁላቸው።

«ለእናቴ የማልዘራውን ለሰው አልሰጥም፣ ባንቺዬ» አሉኝ። «ሰሌዳውን አየሁት እኮ፤ ደህና ነው።»

ያን አረንጓዴ ያስቀቡት ራሳቸው ናቸው። ግን አምነውታል። እያወቁ እንደሚዋሹ እርግጠኛ ብሆን እጠላቸውና እገላገል ነበር፤ የዋሹትን ራሳቸው እየጎረሱ፣ በፍቅር ለእናታቸውም ሲያጎርሱ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። አያ ጌጡ ጭኖ ሄደ። ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ «ለናታቸውም የላኩት ነው» እየተባባለ ጫነ።

በሰኔ ማሳው ዝም አለ። እዚህ አንዲት፣ እዚያ አንዲት ቡቃያ ብቅ ብላ ትጠወልጋለች። በሐምሌ መግቢያ የማንኩሳ ገበሬዎች ፍኖተ ሰላም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ እኔም የመጋዘኑ ሰው ተብዬ ተጠራሁ። የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር። ዘሩ ተበላሽቷል በሉን፤ የጤፍ ዘር ስጡን፤ ሐምሌ ሳያልፍ ማሳውን ገልብጠን ጤፍ እንዝራበት፤ ከዚያ ወዲያ ልጆቻችን የሚበሉት የለም። እጃቸው ላይ የቀረ ዘር አልነበረም፤ ያላቸውን ለዚህ አውጥተዋል። ዩኒየኑ ጥፋቱን ካላመነ ደግሞ ምትክ የሚባል ነገር የለም።

አቶ ስሜነህ ከስተው ነበር። ኮሌታቸው አንገታቸው ላይ ሰፍቷል፣ መሐረቡ ከእጃቸው አይወርድም። እኛ ስብሰባ የበዛባቸው መስሎን ነበር።

«ዝናቡ ነው የዘገየው። ታገሱ» አሉ። «የናቴ ማሳ በዚሁ ዘር ነው የተዘራው። ትናንት ደውዬ ጠይቄያታለሁ፤ አረንጓዴ ነው ብላኛለች። አራሹ ጌጡ እዚህ አለ፤ ይናገር።»

አያ ጌጡ ተነሣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያሽከረክራል። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ «እማሆይ እንዳሉት ነው» አለና ተቀመጠ።

ነገሩ በዚህ አለቀ። ራቅ ብሎ ያለው የእማሆይ ማሳ አረንጓዴ ከሆነ የአስተራረሳችን ጉድለት ነው እንጂ እየተባባሉ፣ እርስ በርስ እየተፋፈሩ ወጡ። ተነሥቼ «መጋዘኑን መጥታችሁ አሽትቱ!» ብዬ ጮህሁ። ሰብሳቢው ተቀመጪ አለኝ። ከጀርባው ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ የኔ የእጅ ሥራ። የሻገተው በቆሎ እንኳ የዚያን ቀኑን ያህል አላስጠላኝም። ገበሬዎቹ ታገሡ። የጤፍ ወቅት አለፈ።

እንግዲህ በነሐሴ፣ ገና በድንግዝግዙ፣ ከሦስት ሽማግሎች ጋር የእማሆይ ውዴ ደጃፍ ቆምሁ። ካፊያ ነበር፤ ማሳው በጉሙ አይታይም። በመንገድ ላይ ሽማግሎቹ ማን እንደሚጀምር ሲማከሩ ነበር። «ስሜነህ ቢኖር ይህን እሱ ነበር የሚያውቅበት» አለ አንዱ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ጭቃውን እየረገጥሁ ቀደምኋቸው።

እማሆይን ለኪዳን ጸሎት ሊወጡ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በሩ ላይ አገኘናቸው። አያ ጌጡ ከጓሮ መጥቶ ከግድግዳው ጥግ ቆመ። እማሆይ አንድ ባንድ አዩን። ዓይናቸው እኔ ላይ ሲደርስ ፈገግ አሉ፤ የዩኒየኑ ሰው መሆኔን ያውቃሉ።

«ክረምቱን እንዴት ያዙት፣ እማሆይ?» አለ ዋናው ሽማግሌ። «ዝናቡስ እንዴት ነው?»

«ምነው እናንተ፣ በዚህ ጭቃ!» አሉ እማሆይ። «ለበቆሎው ከሆነ ምን አደከማችሁ? አዎ፣ አልበቀለም። ጌጡንም አትቆጡት፤ ዝም በል ያልሁት እኔ ነኝ።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀጠሉ።

«ልጄ በደወለ ቁጥር ‹እማ፣ ማሳው እንዴት ነው?› ይለኛል። ‹አረንጓዴ ነው ልጄ› እለዋለሁ። ምን ላርግ? ድምፁ ደክሞብኛል፤ ስብሰባው በዝቶበታል መሰል። ለዚያ ሁሉ ገበሬ የሰጠው ዘር ነው፤ የኔ እንኳ አልበቀለም ብለው ይሰበርብኛል። እንዲያው ለስልሶ ይሰማው ብዬ ነው።» ወደ እኔ ጠጋ ብለው ክንዴን ያዙኝ። «አንቺ ልጅ፣ ከስብሰባው ሲመለስ መሥሪያ ቤት ታገኚዋለሽ። አደራሽን፣ እንዳይሰማ።»

ሽማግሎቹን አየኋቸው። ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ሙሉ ቀበሌን የበላው ነገር እዚህ ደጃፍ ላይ ነበር፤ እናት ለልጇ ያለዘበችው ወሬ። እሳቸው ያን ወሬ ይዘው ገበሬውን አስታገሡ፣ አምነውትም ሞቱ። ሁሉም አስጠላኝ፤ ሽማግሎቹ፣ መሐረቡ፣ ያ ማለዘብ ሁሉ። ሞተዋል ብዬ አፍርጬ ልናገር አሰብሁ። ክንዴ ላይ ያለው እጅ ግን ቀላል ነበር።

«አይሰሙም፣ እማሆይ» አልሁ። ድምፄ ሳላዝዘው ዝቅ አለ። «ከእንግዲህ ምንም አይሰሙም።»

አዩኝ። እውነቱን ፊቴ ላይ ፈለጉ፣ አገኙት። መቋሚያው ወደቀ፤ እሳቸውም ሲወድቁ ተቀበልኋቸው። ጩኸታቸው እንደተሰማ ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። አያ ጌጡ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

ዋናው ሽማግሌ ተጠግቶ ትከሻዬን ነካኝ። «ተባረኪ፣ ልጄ» አለኝ፣ እንባውን እየጠረገ። «ስሜነህ ራሱ ቢሆን ከዚህ አያለዝበውም።»

እማሆይን እንደያዝሁ፣ ሽማግሌውን ላለማየት ፊቴን ወደ ማሳው አዞርሁ። ነግቷል፣ ጉሙም ተነሥቷል። ካንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አረም ብቻ ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው ግን አረንጓዴ ነበር።